ሸረን ደግማ አልጠየቀችኝም

እንግሊዝኛ የት ተማርሽ ለሚለኝ ሰው፣ ኪልበርን ከአንድ ቤተ መጻሕፍት ጀርባ ባለች ክፍል፣ ሦስት ወንበር ላይ እየተነሳሁ እየተቀመጥኩ ነው የተማርኩት እላለሁ። የምቀልድ ይመስለዋል። እኔ ግን የምሬን ነው። በዚያች ቅዳሜና በማግስቷ እሑድ ባልማር ኖሮ፣ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ባዶ ቤት ከፍታ የምትገባ ልጅ ሆና ታድግ ነበር። እስቲ ረጋ ብዬ ከመነሻው ላውጋችሁ።

ስንዱ እባላለሁ። የጉለሌ ልጅ ነኝ። ከምርጫ ዘጠና ሰባት በፊት የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ፣ ባሌ እያስተማረ፣ አንዲት ሴት ልጃችንን እያሳደግን የምንኖር ሰዎች ነበርን። ከምርጫው በኋላ የሆነውን ለእናንተ አልነግርም፤ ያልደረሰበት ቤት ጥቂት ነው። ባሌ ታሰረ። ሲፈታ ያ የማውቀው ሰው አልነበረም፤ ብዙም ሳይቆይ አረፈ። ቀጥሎ እኔን እየመጡ መጠየቅ ሲጀምሩ ልጄን ቃልኪዳንን ለእናቴ ትቼ ወጣሁ። መንገዱ ራሱን የቻለ ወሬ ስለሆነ ይቅር። ለንደን ገብቼ ጥገኝነት ጠየቅሁ፤ ጠብቄ ጠብቄ ወረቀቴ ሲወጣ ልጄን ለማምጣት አፕላይ አደረግሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆና ነበር፤ ጥያት ስወጣ ገና ጥርሷን እየነቀለች ነበር።

በዚያን ጊዜ ሥራዬ ፓርክ ሮያል፣ ሳንድዊች የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ነበር። ከሰዓት በኋላ ገብቼ ማታ እወጣለሁ። ሥራው ቀዝቃዛ ነው፤ ፍሪጅ ውስጥ መዋል በሉት። ከጎኔ የሚቆሙት ፖላንዶች፣ ህንዶች፣ ሶማሌዎች ነበሩ። ሁላችንም በምልክትና በፈገግታ እንግባባለን። እንግሊዝኛዬ እንደ ምንም ከሰው ያኖረኝ ነበር፤ ችግሩ ሁሉም ነገር ለእኔ ዛሬ መሆኑ ነው። ትናንት የሄድኩትም «አይ ጎ» ነው፤ ነገ የምሄደውም «አይ ጎ» ነው። የሚሰማኝ ሰው መች እንደሆነ ከፊቴ ይገምት።

የልጄ ቪዛ ተፈቀደ የተባለ ቀን ከደስታ የተነሳ አለቀስኩ። ከዚያ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ሌላ ልቅሶ መጣብኝ። እሷ ከትምህርት ቤት ስትወጣ እኔ ፋብሪካ ነኝ፤ እኔ ቤት ስገባ እሷ ተኝታለች። ጠዋት የሚያደርስልኝ ጎረቤት አላጣም፤ ማታ ማታ ግን ከማን ጋር ልትሆን ነው? እዚህ አገር ልጅ ብቻዋን ቤት ትተሽ ሄድሽ ከተባለ ደግሞ መዘዙ ብዙ ነው። የጠዋቱ ሽፍት የነባሮቹ ነው ሲባል ሰምቼ ስለነበር እሱን ተመኝቼም አላውቅ። ልጄን ከጉለሌ ድረስ የማመጣት ተኝታ ላያት ነው ወይ እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ሰነበትኩ።

እግዜር ሲሰጥ ደጅ አያንኳኳም እንዲሉ፣ በዚያው ሰሞን አንድ ማታ ቺዝ የሚል ወረቀት የተለጠፈበት እሽግ ውስጥ እንቁላል አየሁ። እንቁላል የማይስማማው ሰው ቢበላው ሆስፒታል ይገባል፤ እንዲያውም ሊሞት ይችላል። ማንንም ሳልጠይቅ ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩና መስመሩን አቆምኩት። ፎርማኑ እየጮኸ መጣ። እሽጉን ከፍቼ ሳሳየው ሌሎቹንም እሽጎች መክፈት ጀመረ።

ሐሙስ ዕለት አለቃችን ሸረን ወደ ቢሮዋ ጠራችኝ። ሸረን አጭር፣ ፈጣን፣ ሁልጊዜ የሻይ ኩባያ የማይለያት የለንደን ሴት ናት። ስሜ ስለማይዝላት «ሲንዲ» ነው የምትለኝ። ቀስ ብላ፣ እየደጋገመች አስረዳችኝ። የጥራት ተቆጣጣሪዋ ልትለቅ ነው። ሥራው የቀን ነው፤ ወረቀቱንና ቅዝቃዜውን መቆጣጠር ነው። ሽፍት ሲቀያየር ደግሞ ስብሰባ ላይ ቆሞ ምን ተበላሸ፣ አሁን በምን ሁኔታ ላይ ነን፣ ቀጥሎ ምን ይደረጋል ብሎ መናገር አለ። በመጨረሻ ዓይኔን እያየች ትፈልጊዋለሽ ወይ አለችኝ።

የቀን ሥራ ነው የምትለኝ እኮ፤ ልጄ ከመምጣቷ በፊት። አፌ ግን ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ኖ፣ ኖ፣ ታንክ ዩ።»

እናንተ ይገባችኋል። ሰው ቤት ሄደሽ ብይ ሲሉሽ ጠግቤያለሁ ትያለሽ። በሞቴ ይሉሻል፤ አይ፣ በልቼ ነው የመጣሁት ትያለሽ። አፈር ስሆን ሲሉሽ ነው እጅሽን የምትታጠቢው። እናቴ ያሳደገችኝ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ጥያቄ ዘሎ እሺ የሚል ሰው ስግብግብ ነው፤ ካላየ ቤት የመጣ ነው። ስለዚህ አንገቴን ሰበር አድርጌ፣ ፈገግ ብዬ፣ ሁለተኛዋን ጥያቄ መጠበቅ ጀመርኩ።

ሸረን ግን «ኦኬ፣ ኖ ፕሮብለም» አለችና ስልኳን አነሳች። እኔም ትንሽ ቆሜ ወጣሁ።

ማታ ቤት ገብቼ ለእትዬ ዘነበች ነገርኳቸው። እትዬ ዘነበች ልጄ መጥታ የራሳችንን ቤት እስክንይዝ ድረስ አርችዌይ ያለውን ፍላት አብረን የምንኖር፣ በደርግ ዘመን የመጡ ትልቅ ሴት ናቸው። እግራቸውን ስለሚያማቸው ከሶፋቸው ብዙም አይርቁም። ይህን ሁሉ ዓመት ለንደን ሲኖሩ ከሐበሻ ሌላ ወዳጅ አላበጁም። ወሬውን ሲሰሙ ደስ አላቸው።

«ደግ አደረግሽ። ሴት ልጅ እንዲህ ኮራ ስትል ነው የሚያምርባት። ነገ ራሷ ትለምንሻለች።»

ዓርብ ማታውን ሙሉ ጠበቅሁ። ሸረን በአጠገቤ ሦስት አራት ጊዜ አለፈች። ባለፈች ቁጥር ቀና እላለሁ፤ እሷ «ኦል ራይት፣ ሲንዲ?» ብላ ትሄዳለች። ምነው ዘገየች እያልኩ ዳቦ ላይ ቅቤ እቀባለሁ። የትልቁ ፍሪጅ በር ተበላሽቶ ሥራ ስለበዛባት ነው፣ ሰኞ ትጠራኛለች ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ቅዳሜ ኪልበርን ነበርኩ። እዚያ ለአበሾች እንግሊዝኛ በነጻ የምታስተምር ሐያት የምትባል ልጅ አለች። እዚሁ የተወለደች፣ ፋርማሲ የምትማር፣ ወላጆቿ የደሴ ሰዎች የሆኑ ሙስሊም ልጅ ናት። አማርኛዋ እናቷ ያኔ ይዛው የወጣችው ነው፤ አልተነካም። እኔን አንቱ ነው የምትለኝ። ኧረ ልጅ ነኝ ብላት አንቺ ማለት ከአፏ አልወጣ አለ። ታዲያ ያን ቀን ከክፍል በፊት ደስታዬን ላካፍላት ብዬ የሐሙሱን ነገር አወጋኋት። የያዘችውን ጠመኔ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ዌት፣ ዌት። ሥራውን ይፈልጉታል?»

«እንዴት አልፈልገው?»

«ታዲያ ለምን ኖ አሉ?»

«እስክትደግም ነዋ።»

ሐያት ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ከዚያ እጄን ያዘችው።

«እትዬ ስንዱ፣ አትደግምም። እዚህ ኖ ካሉ ኖ ነው። ደግሞ መጠየቅ ሰውን መጫን ይመስላቸዋል። ሸረን አክብራዎት ነው የተወችዎት።»

ያቺ ቃል ወለሉን ከእግሬ ሥር ወሰደችብኝ። እኛ ዘንድ ሰውን ማክበር ደግሞ ደጋግሞ መጠየቅ ነው፤ እነሱ ዘንድ ማክበር አንዴ ጠይቆ መተው ነው። በሁለት አክብሮት መካከል የልጄ ዕጣ ወድቆ ቀረ። ተቀምጬ አለቀስኩ። ሌሎቹ ተማሪዎች ሰው የሞተብኝ መስሏቸው ነፍስ ይማር ሊሉኝ መጡ።

ሐያት ፋብሪካው ደወለች፤ ቅዳሜና እሑድ ቢሮው ዝግ ነው። ሰኞ ጠዋት ደውላ በጥሩ እንግሊዝኛ እንደምታስረዳልኝ ነገረችኝ። መጀመሪያ ተመስገን አልኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን ነገሩ አልጣመኝም። ሥራው ቆሞ መናገር ነው፤ መናገር እችላለሁ ብላ ሰው የምታስደውል ሴት ማን ያምናታል? ደግሞ ሰለቸኝ። ለንደን ከገባሁ ጀምሮ በሰው አፍ ነው የኖርኩት። የባሌን መታሰርና መሞት እንኳ ለመንግሥት የተናገረልኝ አስተርጓሚ ነው። እኔ ስለ ባሌ እያነባሁ ሳወራ እሱ ሰዓቱን እያየ ይተረጉም ነበር።

«አትደውይ፤ ራሴ ሄጄ እነግራታለሁ» አልኳት። «አንቺ ብቻ ትናንትን፣ ዛሬንና ነገን መናገር አስተምሪኝ።»

«በሁለት ቀን?»

«ሰኞ ጠዋት ድረስ።»

ሐያት ሳቀች፤ ግን እሺ አለች። ሌሎቹ ሲሄዱ ሦስት ወንበር በረድፍ ደረደረች። የግራው ትናንት ነው፣ የመሐሉ ዛሬ ነው፣ የቀኙ ነገ ነው አለች። ትናንት ላይ ተቀምጠው ያለፈውን ብቻ ነው የሚናገሩት። የዛሬውን ሊናገሩ ሲፈልጉ ተነስተው መሐል ይቀመጣሉ። ልጆች የሚማሩበት ዘዴ ነው አለችኝ። እኔ ምን ቸገረኝ፤ ልጅ ሁኚ ካሉኝም እሆናለሁ።

ያለፈው ጊዜ አንጀቴን አሳረረው። ለብዙው ግስ መጨረሻው ላይ አንዲት ድምፅ ትጨመርለታለች፤ እሷስ ትያዝ። «ወርክ» ያልነው «ወርክድ» ይሆናል፤ ደግ። ግን «ጎ» የነበረው ድንገት «ዌንት» ይሆናል። ምን ዝምድና አላቸው? ዘመድ ቢሆኑ እንኳ በእንጀራ አባት ነው። «ዌንት»፣ «ሶው»፣ «ቱክ»፣ «ሴድ» እያልኩ ግራው ወንበር ላይ ተተክዬ ዋልኩ። በተሳሳትኩ ቁጥር ሐያት ጠረጴዛውን ታንኳኳለች። የአማርኛ ግስ ማን፣ መች፣ ለማን እንዳደረገው ሁሉን ሆዱ ውስጥ ይዞ የሚዞር ነው፤ ያንን ሳልማር የተናገርኩ ሰው ይህቺን ትንሽ ግስ አቅቶኝ ልቅር? እልህ ያዘኝ።

መሐሉ ወንበር ቀላል ነበር፤ ስኖርበት የከረምኩት እሱ ነው። ጭቅጭቅ የተነሳው ነገ ላይ ነው። እንግሊዝኛ ለነገ «ዊል» የምትል ቃል ፊት ታስቀድማለች፤ በቃ። «የፋብሪካው ጠጋኝ ነገ ይመጣል» ይበሉ አለችኝ። አልኩ፤ ከኋላው «እግዜር ካለ» ጨመርኩበት። ጠረጴዛውን አንኳኳች። ደግሜ አልኩ፤ አሁንም ጨመርኩበት። ስብሰባ ላይ እንዲህ አይባልም አለች። እኔ ደግሞ ነገን በእጄ እንደያዝኩት አድርጌ መናገር ፈራሁ። ነገ ባሌን አየዋለሁ ብዬ የተኛሁበትን ሌሊት አውቀዋለሁ። ይህንኑ ነገርኳት።

ሐያት ማንኳኳቷን ተወች። «እናቴም ኢንሻአላህ ሳትል ባስ አትሳፈርም» አለች ቀስ ብላ። «እሺ፣ በልብዎ ይበሉት። ከአፍዎ ግን ዊል ብቻ ይውጣ።»

ቤተ መጻሕፍቱ እስኪዘጋ ድረስ ስነሳ ስቀመጥ ጉልበቴ ዛለ። እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ሐያት ብስኩት ይዛ አርችዌይ ድረስ መጣች። ቤት ውስጥ ወንበር አንሶን ትናንትን አልጋ ላይ፣ ዛሬን በርጩማ ላይ፣ ነገን ሶፋው ላይ አደረግነው። እትዬ ዘነበች ሶፋቸውን አልለቅም አሉ። ነገ ላይ ስደርስ እሳቸውን ገፋ እያደረግሁ ነበር የምቀመጠው።

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ ከምትለፊ ዝም ብትይ ትጠራሽ የለም ወይ?» አሉኝ።

«እትዬ፣ አትጠራኝም። ይቺ ሰው አንዴ ነው የምትጠይቀው።»

«እንዲህ ያለ ስድ አገር» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ቆይተው ግን «ዌንት» ስል አብረው «ዌንት» ሲሉ ሰማኋቸው።

ሰኞ ገና ጭጋጉ ሳይገፈፍ ፓርክ ሮያል ደረስኩ። ሥራዬ ከሰዓት ነው፤ ጥበቃው ምን ፈልጌ በጠዋት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ሸረን ግቢው ውስጥ ኩባያዋን ይዛ ከሹፌሮች ጋር ታወራ ነበር። ወደ ኋላ ብመለስ የሚያየኝ የለም። የቃልኪዳንን ፊት አሰብኩና ቀጥ ብዬ ሄድኩ።

የተናገርኩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ሌሊቱን ሙሉ አልጋዬ ላይ ስለው ነው ያደርኩት። እንዲህ ነበር ያልኳት፦ «ሐሙስ ጠየቅሽኝ። እኔ ኖ አልኩ። በአገሬ ሰው መጀመሪያ ኖ ይላል፣ ከዚያ ሌላው ሰው እንደገና ይጠይቃል። በልቤ ዬስ ነበር። ዛሬም ዬስ ነው። ብትሰጪኝ በደንብ እሠራለሁ።»

ሸረን ኩባያዋን ከአፏ አወረደች። ከዚያ ከት ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ክፋት አልነበረውም። «ሲንዲ፣ እኔ ቤት እራት ብጠራሽ እኮ በረሃብ ትሞቻለሽ» አለችኝ። ወዲያው ፊቷ ከበድ አለ። ቦታውን ዓርብ ለማሬክ ሰጥታዋለች። ማሬክ ከእኛው መስመር የሚሠራ ፖላንዳዊ ነው። ሆኖም ገና ሙከራ ላይ እንደሆነ፣ አሁን ስብሰባ እንደሚጀመር፣ ገብቼ የዓርብ ማታውን ልናገር ብፈልግ እንደምትሰማኝ ነገረችኝ። የሰማችኝ ከሆነ ደግሞ ሁለታችንንም አይታ ትወስናለች።

ስብሰባው የሚደረገው ፍሪጆቹ አጠገብ ቆሞ ነው። ነጭ ካፖርት የለበሱ ሰዎች ክብ ሠርተው አዩኝ። ትናንት የምትለዋን ወንበር በዓይነ ኅሊናዬ ፈለግኋትና ተቀመጥኩባት። ዓርብ ማታ የትልቁ ፍሪጅ በር አልዘጋ አለ፤ ቅዝቃዜው ቀነሰ፤ ትሪዎቹን ወደ ሌላው ፍሪጅ ወሰድን፤ የሞቁትን ጣልናቸው አልኩ። ተነስቼ መሐል ተቀመጥኩ፦ አሁን በሩ በገመድ ታስሯል፤ እዚያ ውስጥ ምግብ የለም። ተነስቼ ነገ ላይ ተቀመጥኩ፦ ዛሬ ጠጋኙ ይመጣል፣ በሩን ይሠራል...

«...እግዜር ካለ።»

አመለጠኝ። ሰዉ ሳቀ። ሸረን «ያ ጠጋኝ ከሆነ የእግዜር ፈቃድም ያስፈልጋል» ስትል ሳቁ ባሰ። ግን ሁሉም የተናገርኩትን ሰምተዋል፤ አንዱ ሰውዬ እንዲያውም ጥያቄ ጠየቀኝ፣ መለስኩለት። በሕይወቴ ስለተፈጸመ ነገር በራሴ አፍ በእንግሊዝኛ ስናገር ሰው ሲያዳምጠኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ደስ አለኝ፤ ደስ ያለኝን መደበቅ አልችልም።

ከዚያ ማሬክ ተናገረ። ልሸንግላችሁ አልፈልግም፤ ከእኔ የተሻለ ነበር። አገሩ እያለ ይህንኑ ሥራ የሠራ ሰው ነው። ስብሰባው ሲበተን ሸረን ወደ ጎን ወሰደችኝ። ጥሩ እንደተናገርኩ፣ እንደገረምኳት፣ ግን ቦታው የማሬክ እንደሆነ ነገረችኝ። ሌላ ጊዜ ሌላ ዕድል ይመጣል አለችኝ።

«ኖ ፕሮብለም» አልኩ። ፈገግ አልኩ። ዞሬ ወደ በሩ መሄድ ጀመርኩ። በሩ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ምን ችግር የለም እላለሁ? ችግር አለብኝ እኮ። ልጄ ልትመጣ ነው። ለማን ብዬ ነው የምደብቀው? ማንም ሳይጠይቀኝ ተመለስኩ።

«ሸረን፣ ችግር አለ» አልኳት። «ልጄ ትመጣለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጥያት የመጣሁ ጊዜ ትንሽ ነበረች። ባሌ ሞቷል፤ ሌላ ሰው የለኝም። ማታ ማታ እኔ እዚህ ነኝ፣ እሷ ብቻዋን ትሆናለች። ትልቅ ሥራ አልፈልግም። ቀን መሥራት ነው የምፈልገው።»

ሸረን ኩባያዋን አስቀመጠች።

«ልጅ አለሽ?»

«አለችኝ።»

«ይህን ያህል ጊዜ አብረን ስንሠራ ልጅ እንዳለሽ አንድ ቀን ነግረሽኝ አታውቂም እኮ።»

እውነቷን ነው። ልነግራት ብፈልግስ እንዴት ብዬ? ተውኳት፣ ነበረች፣ ትመጣለች ለማለት ቃል አልነበረኝም። ቃሉ ቢኖረኝ ደግሞ ይሉኝታ አለ። የራስን ጭንቀት አለቃ ላይ መዘርገፍ ነውር ነው።

ሸረን ራሷን ነቀነቀች። ልጆች ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ የሚጀመር፣ ከመውጣታቸው በፊት የሚያልቅ ሽፍት አለ አለችኝ። እናቶች የሚሠሩበት ነው። ሰዓቱ ስለሚያጥር ገንዘቡ ቀነስ ይላል፤ በዚህ ምክንያት ሰው አጥታ ከኤጀንሲ በየቀኑ እያስመጣች ትሠራለች። ለእኛ ለማታ ሠራተኞች የሚነግረን ስለሌለ እንጂ ከክረምት ጀምሮ ቦታው ክፍት ነበር። የማታውን የምወደው መስሏት እንደነበርም ነገረችኝ፤ አንድ ቀን አማርሬ ስለማላውቅ።

«መቼ ልትጀምሪ ትችያለሽ?» አለችኝ።

«ከሚቀጥለው ሰኞ» አልኳት። አፌ አልዘገየም።

ከፋብሪካው ወጥቼ አስፋልቱ ዳር፣ የጭነት መኪና በሚያልፍበት ቆሜ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው፤ ተናድጄም ነው። ያ ሁሉ በጭንቀት ያለፈ ቀን፣ ያ ሁሉ የልብ ሙግት፣ በአንዲት ቃል የምትፈታ ነገር ነበረች። ለሐያት ስደውልላት ሥራውን አገኙ ወይ አለችኝ። አላገኘሁም፣ የምፈልገውን ግን አገኘሁ አልኳት። ግራ ገባትና አንዴ ደግመው ይንገሩኝ አለች፤ ሦስቱንም ወንበር ተጠቅሜ በእንግሊዝኛ ነገርኳት።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ አዲስ መጪዎች፣ አንድ ነገር ልበላችሁ። ይሉኝታችሁን ጣሉ አልልም። እኔም አልጣልኩትም፤ ዛሬም ሐበሻ ቤት ከሄድኩ ሁለቴ ጠግቤያለሁ እላለሁ፤ አፈር ስሆን ካልተባልኩ እንደ ተሰደብኩ ነው የምቆጥረው። ግን ሰው ያሳደገው ደንብ የት እንደሚሠራና የት እንደማይሠራ ማወቅ አለበት። ፈረንጁ ክፉ ሆኖ አይደለም የማይደግመው፤ በልባችሁ ያለውን የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው ነው። ንገሩት። በተሰባበረ እንግሊዝኛም ቢሆን ንገሩት። ሰዋስው አይታለፍም ብላችሁ ተስፋ የቆረጣችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ ሦስት ወንበር ፈልጉ። እኔ ከዚያ በኋላ ተምሬ ተምሬ ከዓመታት በኋላ የጥራቱንም ሥራ ያዝኩ፤ ማሬክ ራሱ ነው ያሠለጠነኝ። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር እሱ አይደለም።

ትልቁ ነገር ቃልኪዳን ትምህርት ቤት በገባች በመጀመሪያው ቀን የሆነው ነው። ዩኒፎርሟን በእጄ አሳጥሬላት ነበር። ከሰዓት በኋላ ከሌሎቹ እናቶች ጋር በሩ ላይ ቆምኩ። ልጆቹ እየተንጫጩ ወጡ፤ እሷ ከኋላ ነበረች፣ ቦርሳዋን አቅፋ ዙሪያውን እየቃኘች። ስታየኝ ደነገጠች። ለካ ለብቻዋ ወደ ቤት የምትሄድ መስሏት፣ መንገዱን ጠዋት ስንመጣ በቃሏ ይዛው ነበር።

«እማዬ፣ ሥራ የለሽም እንዴ?» አለችኝ።

«ጨርሼ ነው የመጣሁት» አልኳትና ቦርሳዋን ተቀበልኳት።